በሰኔ የታደለ ካርድ

«እማማ፣ ያለው ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ብር ብቻ ነው» አለች ገንዘብ ከፋይዋ ሰዒዳ፣ ደብተሩን በመስኮቱ ሥር መልሳ እየገፋች።

ወይዘሮ ብርቄ ደብተሩን አላነሡትም። የገበያ ቀን ስለሆነ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው እስከ ባንኩ በር ደርሷል። ጠዋቱን ሙሉ ኔትወርክ ጠፍቶ ሥራ የተጀመረው ገና አሁን፣ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው።

«የሌላ ሰው ይሆናል ያየሽው» አሉ። «እስቲ ስሜን ደግመሽ እዪው። ብርቄ አድማሱ።»

«የእርስዎው ነው።»

«እኔ እኮ ሰማንያ ሰባት ሺ ነው ያለኝ ልጄ። ሕይወት በላከች ቁጥር ይህን ያህል ገባልሽ እያለች ትነግረኛለች። በልቤ ይዤዋለሁ።»

ሰዒዳ አንገቷን አዙራ መስታወትን በዐይኗ ጠራቻት።

መስታወት በባንኩ የወገዳ ከተማ ቅርንጫፍ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ናት። ሒሳብ የሚከፍተው፣ ደብተሩን ዝናብ የመታበት፣ ከዐረብ አገር ተላከልህ ተብሎ ያልደረሰው፣ ፊርማው አልመሳሰል ያለው፣ ሁሉም የሚመጣው ወደ እሷ ጠረጴዛ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የተቆጣውንም የሚለማመጠውንም ስትሰማ ኖራ፣ አሁን አሁን ሰው ገና ወንበሩን ሳይስብ ምን ሊላት እንደሆነ ታውቀዋለች። የዚያን ቀን ጠዋት «ሲስተም የለም፣ ትንሽ ጠብቁ» ስትል አርፍዳ ጉሮሮዋ ደርቋል። አሮጊቷን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ ስታመጣቸው፣ ደብተር ተቀያይሮባቸው ይሆናል ብላ ነበር ያሰበችው።

ኮምፒዩተሩ ላይ የሒሳባቸውን ዝርዝር ከፈተች። ደብተር አልተቀያየረም። በመጋቢት ወር ዘጠኝ ወጪ ተደርድሯል፤ ስምንት ጊዜ ዐሥር ዐሥር ሺ፣ በመጨረሻ ሰባት ሺ። ሁሉም በካርድ የወጣ ነው፤ ከደብረ ታቦር የኤቲኤም ማሽን።

«እማማ ብርቄ፣ በመጋቢት ደብረ ታቦር ሄደው ነበር?»

«ደብረ ታቦርን ያየኋት ባሌ የታመመ ጊዜ ነው። እሷንም ሆስፒታሏን ብቻ።»

«በዚህ በጾሙ ማለቴ ነው።»

«በጾሙማ መንገዴ ከቤቴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ምነው?»

መስታወት እጇን ዘረጋች። «ስልክዎን ይስጡኝ እስቲ» አለች።

ወይዘሮ ብርቄ ከደረታቸው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ትንሽ ስልክ አወጡ፤ የቁልፎቹ ቁጥር የተፋቀ ነው። መስታወት መልእክቶቹን ገለጠች። ከቴሌኮሙ ማስታወቂያዎች መካከል ከባንኩ የተላኩ ዘጠኝ መልእክቶች አሉ። አንዱም አልተከፈተም። ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው።

«ይህ ሲመጣ አልሰሙም?»

«ጢው ይላል። ቴሌ ነው ብዬ እተወዋለሁ። ቴሌ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?»

«ካርድዎስ የት ነው?»

«የቱ ካርድ?»

«ባንኩ የሰጠዎት። ሰማያዊው።»

«ኧ፣ እሱማ ሳጥን ውስጥ ነው። ከእነ ፖስታው።»

«ካርዱን የያዘ ሰው ገንዘቡን አውጥቶታል እማማ። ሌባ ገብቶበታል።»

ወይዘሮ ብርቄ ነገሩ የገባቸው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ወደ ሰዒዳ መስኮት አዩ፤ ገንዘቡ ከዚያ ኋላ የሆነ ቦታ ተቀምጦ የሚቆያቸው ይመስላቸው ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ይማም ቆርቆሮ አስቀምጦልኛል» አሉ። «ስልሳ ቅጠል። ዛሬ ከፍዬ ላስጭን ነው የመጣሁ። ግድግዳው እኮ ቆሟል።»

ልጃቸው ሕይወት ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው። የላከችው ገንዘብ ወገዳ ዳር ላይ በተመራችው ቦታ ቤት እንዲሠራላት ነው፤ ስትመለስ እናቷን ይዛ ልትገባበት። እንጨቱ ቆሞ፣ ጭቃው ተመርጎ፣ የቀረው ክዳኑ ነው። ወሩ ግንቦት ነው። ክረምቱ ሳይከደን ከደረሰበት ጭቃው ሁሉ መሬት ይወርዳል።

መስታወት ካርዱን በኮምፒዩተሩ ዘጋችው። ከሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ብር በቀር የሚያድነው ነገር ባይኖርም ደንቡ እንደዚያ ነው። «ቤት ሄደው ሳጥኑን ይዩ፤ ያገኙትን ሁሉ ይዘው ይምጡ» ብላ ሸኘቻቸው። ቤታቸው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

*

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባንኩ ሲከፈት ቀድመው በሩ ላይ ነበሩ። ካርድ የለም። የያዙት ባዶ ፖስታውን ብቻ ነው፤ እንዳይታጠፍ በመዝሙረ ዳዊታቸው መካከል አድርገው አምጥተውታል።

መስታወት ፖስታውን ተቀብላ ስታገላብጠው በጀርባው ላይ አራት ቁጥር ተጽፏል። በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ትልልቅ ሆኖ፣ ሁለት ሁለቴ ተደጋግሞ የተቀለመ። ከቁጥሮቹ አንዱ ሰባት ነው፤ ወገቡ ላይ ተሰምሮበታል። በቅርንጫፉ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰባትን ወገቡ ላይ የሚያሰምር ሰው የለም። ይህን ልማድ ያወረሷት አባቷ ናቸው።

ፖስታውን እንደያዘች ወንበሯ ላይ ደገፍ አለች።

ያለፈው ሰኔ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅርንጫፉ አራት መቶ ካርድ እንዲያድል ታዞ ገና ግማሹን አልደረሰም። የባንኩ ዲስትሪክት ቢሮ በየቀኑ ይደውላል፤ የየቅርንጫፉ ውጤት በቴሌግራም ይለጠፋል፤ የወገዳ ስም ከሥር ሁለተኛ ነው። ገንዘብ ሊያወጣ የመጣውን ሁሉ ካርድ ሳያስይዙ እንዳይለቁ ታዘዙ። ወገዳ ላይ የባንኩ ማሽን ገና አልተተከለም፤ ቢሆንም ሰዎች ካርድ እየያዙ ሄዱ። አንድ ቀን ብቻዋን ሠላሳ ሰባት ሰጥታለች። ከእነዚያ አንዷ ወይዘሮ ብርቄ እንደነበሩ አሁን ነው ያስታወሰችው። ሚስጥር ቁጥሩ ተዘግቶ የመጣበትን ወረቀት ከፍተው ቢያዩት አልታያቸው አለ። «ቁጥርማ አውቃለሁ፤ ዐይኔ ነው እንጂ የደከመብኝ» አሉ። ከኋላቸው ሰው ያጉረመርማል። መስታወት እስክርቢቶዋን አንሥታ ፖስታው ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፈችላቸው። ከዚያ «ቀጣይ» አለች።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«አይ። ሳጥንዎ ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል። ቁልፉ አልጋው ራስጌ ነው የሚሰቀለው። ከቤቴ ሰው ምን እደብቃለሁ?»

«ማን ገብቶ ያውቃል?»

አሮጊቷ መዝሙረ ዳዊታቸውን መልሰው ዘጉ። «ሳላይ የሰው ስም አላነሣም» አሉ በመጨረሻ።

*

ከዚያ በኋላ የመጣው ደጅ ጥናት ነው። ፖሊስ ጣቢያ የባንኩን ደብዳቤ ጠየቀ። ባንኩ ደብዳቤ ለመስጠት የፖሊስን ማስረጃ ይፈልጋል። መስታወት በምሳ ሰዓቷ ሁለት ቀን አብራቸው ተመላለሰች። ተረኛው ፖሊስ ቃላቸውን ጽፎ፣ ገንዘቡ የወጣው ደብረ ታቦር ስለሆነ መዝገቡ ወደዚያ መላክ እንዳለበት ነገራቸው።

«መቼ ይላካል ጌታዬ?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«መንገዱ ሲከፈት እናቴ።»

መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፤ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ፖሊሱም እንደ እሷ የደከመው ሰው ነው፤ መስታወት ልትቆጣው አልቻለችም።

በመካከሉ አንድ ቀን ቆርቆሮ ነጋዴው ይማም ገንዘብ ሊያስገባ መጣ። ቆጥሮ አስገብቶ ሲጨርስ ወደ እሷ ጠረጴዛ ጠጋ አለ። «የእማማ ብርቄን ነገር ሰማሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቆርቆሮውን ለሌላ አልሸጥም ብያቸዋለሁ። ግን እኔም ያመጣሁት በብድር ነው። እስከ ሰኔ ሚካኤል ብጠብቃቸው ነው። አላህ ያውቃል፣ ከዚያ በላይ አልችልም።»

በዐሥረኛው ቀን ከደብረ ታቦር ቅርንጫፍ የካሜራው ምስል መጣ። መስታወት ወይዘሮ ብርቄን ጠርታ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ሰው ማሽኑ ፊት ቆሟል። ኮፍያው ወደ ዐይኑ ወርዶ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል። ምስሉ ከላይ የተነሣ ነው፤ የሚታየው አገጩና የለበሰው ረጅም ካፖርት ነው።

ወይዘሮ ብርቄ ፊታቸውን እስኪነካው ድረስ ተጠጉት። ብዙ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ካፖርቱ ደረት ላይ አሳረፉ።

«ይህች ቁልፍ ከሌሎቹ ነጣ አላለችም?»

«ነጭ ናት።»

«እኔ ነኝ የተከልኳት። ከሸሚዝ ነቅዬ።» እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ። «የሟቹ ባሌ ካፖርት ነው። አለበል ነው። የባሌ የወንድሙ ልጅ። በታኅሣሥ ለውቂያ ሊያግዘኝ መጥቶ፣ አውድማው ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አለበስኩት።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ለፋሲካም አልመጣ። መተማ ወርዷል ይላሉ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። አላለቀሱም። «እናቱ ዐይነ ስውር ናት። እሱ ነበር የሚያርስላት። ከእሱ የሚገኝ ነገር የለም ልጄ። ቢያዝም እስር ቤት እሱን ልቀልብ ነው?»

«ቢሆንም ስሙን ለፖሊስ መስጠት አለብን።»

«ስጪ። ሰው ይጠይቀው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። ሞራ የጀመራቸው ዐይናቸው ውሃማ ነው። «እኔ ግን ገንዘቤን ለአለበል አላስቀመጥኩም። ለእናንተ ነው ያስቀመጥኩ። ሕይወት፣ ‹እማ፣ ቤት አታድርጊው፣ ባንክ ይሁን› ነው ያለችኝ። ሌባስ ሌባ ነው። እናንተ እንዴት ሰጣችሁት?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት ያየዋል» አለች መስታወት። በቀን ሃያ ጊዜ የምትለው ነገር ነው። የዚያን ቀን ግን ቃሉ ምላሷ ላይ ቆየባት።

*

ቅጹ የመጣው በሳምንቱ ነው። «በካርድ ለተፈጸመ ማጭበርበር የቅርንጫፍ ሪፖርት» ይላል፤ አራት ገጽ ነው። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ እንየው መስታወትን ወደ ክፍሉ ጠርቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ከእሷ በአምስት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ሁለቱም እዚህ የተመደቡት በአንድ ዓመት ነው። የዐይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ዛሬ ሞልተሽ ስጪኝ፤ ኔትወርኩ ሳይጠፋ እንላከው» አላት። «ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ተጠንቀቂ።»

ተራ ቁጥር ሰባት፣ ሚስጥር ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ እንዴት ሊገባ እንደቻለ ይጠይቃል።

«ምን ብዬ ልሙላው?»

«‹ደንበኛዋ ሚስጥር ቁጥራቸውን በአግባቡ ባለመያዛቸው› በዪ። ውሸት አይደለም። ፖስታውንና ካርዱን አንድ ላይ ነው ያስቀመጡት።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እንየው።»

«አውቃለሁ። ጽሕፈትሽን አላውቀውም?» ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ሰኔ ላይ ሁላችንም ጽፈናል። እኔ ራሴ ለስንቱ ጽፌያለሁ። ዲስትሪክቱ የሚደውለው እኮ ለእኔ ነበር። በቀን ሦስቴ፣ ‹ወገዳ ተኝታለች› እያለ።»

«እንደዚያ ከሞላሁት ባንኩ አይከፍላቸውም።»

«እውነቱን ብትጽፊስ ይከፍላል ብለሽ ነው? ዓመት ያጣሩታል። እስከዚያ አንቺን ያግዱሻል፤ ደመወዝ የለም። ከዚያ ደግሞ ሰማንያ ሰባት ሺውን ከኪስሽ ክፈዪ ይሉሻል። ለሴትየዋም በክረምቱ አይደርስላቸው፤ አንቺም በከንቱ ትቀሪያለሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺን ብዬ ነው እንጂ ለእኔ ብዬ አይደለም አልልሽም። እኔንም ይጠይቁኛል። ሦስት ልጅ አለኝ።»

መስታወት ቅጹን ይዛ ወጣች። ወይዘሮ ብርቄ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጠዋት በስልክ፣ «ቅጹ መጥቷል፤ የአውራ ጣት አሻራዎ ያስፈልጋል» ብላ የጠራቻቸው እሷ ናት። ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሞከሩ።

«ይቀመጡ እማማ። ከምሳ በኋላ ነው» አለቻቸው።

«ኧረ ግድ የለም፣ ብዪ። ከጥላ ላይ ነኝ።»

*

ባሏ ታምራት ቤት ነበር። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ በየሰው ቤት እየዞረ ልጆች ያስጠናል፤ ከሰዓት በፊት ሥራ የለውም። ሽሮውን እሱ ሠርቶ አቅርቦ ጠበቃት። መስታወት ሁለት ጉርሻ በላችና እጇን ሰበሰበች።

«ዛሬም ጭቅጭቅ ነበረ?» አላት።

ነገረችው። የፖስታውን ነገር ከዚህ በፊት ነግራው አታውቅም ነበር። ታምራት ሳያቋርጥ አዳመጣት። ስትጨርስ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ከታገድሽ በምን እንኖራለን?»

«አላውቅም።»

«የቤት ኪራዩ አለ። ለእናትሽ የምትልኪው አለ። እኔ በወር የማገኘው ለዘይትና ለበርበሬ አይበቃም።»

«አውቃለሁ ታምራት።»

«እኔ አትጻፊ ነው የምልሽ። እንየው ያለው ትክክል ነው። ብትጽፊውም ባትጽፊውም ሴትየዋ በዚህ ክረምት የሚያገኙት ነገር የለም።»

«በዚህ ክረምትማ አያገኙም።»

«ታዲያ?»

«ባልጽፈው ግን መቼም አያገኙም።»

ታምራት ተነሣ። ውሃ ቀድቶ ሰጣት። «ኋላ ሳይነግረኝ ቀረ እንዳትዪኝ ነው» አለ። የተቆጣ አይመስልም፤ የመጨረሻ ሳንቲሙን እየቆጠረ እንዳለ ሰው ነው ፊቱ። መስታወት ጫማዋን ስታጠልቅ፣ «ሴትየዋ ምሳ በልተዋል?» ሲል ጠየቃት።

«ቆሎ ይዘው መጥተዋል።»

ድስቱ ውስጥ የተረፈውን አየ። መስታወት እንጀራ ጠቅልላ ሽሮውን በሳህን ጨምራ፣ በጨርቅ አስራ ይዛ ወጣች።

*

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጭር ብሏል። ሰዒዳ መስኮቷ ኋላ ሆና ያረጁ ብሮችን ትለያለች። ወይዘሮ ብርቄ የመጣላቸውን ምሳ፣ «ኧረ ምን አስቸገረሽ» እያሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሉ። መስታወት እስኪጨርሱ ድረስ ቅጹን መሙላት ጀመረች። የደንበኛው ሙሉ ስም። የሒሳብ ቁጥር። ካርዱ የተሰጠበት ቀን። የወጣው ገንዘብ ልክ። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ሳታስብ ትሞላዋለች። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ስትደርስ ቆመች።

እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ወደ እንየው ክፍል አየች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ በስልክ ያወራል። «እሺ ጌታዬ፣ ዛሬ ይደርስዎታል» ሲል ይሰማታል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስትሸኝ የኖረችባቸው ቃላት አሉ። ይጣራል። ይታያል። ለሚመለከተው ይላካል። ሰው እነዚህን ሰምቶ ሲሄድ ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ወረደልኝ ትል ነበር። አሁን ስታስበው፣ አንዱም ወርዶላት አያውቅም። ሁሉም ማታ ማታ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ይገባል፤ እግሯን ስትታጠብ አብሯት ነው።

ጻፈች። ቸኩላ ሳይሆን፣ ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ትምህርት ቤት ጽሕፈት።

ስትጨርስ ወይዘሮ ብርቄን ጠራቻቸው። ቀለሙን ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። አሮጊቷ አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ተቀመጡ።

«የቱ ላይ ነው የምጫነው?»

መስታወት ቦታውን ልታሳያቸው ጣቷን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«መጀመሪያ ላንብብልዎት።»

«አይ ልጄ፣ አንቺ የጻፍሽውን አምናለሁ።»

«እንደዚያ አይበሉኝ እማማ። ይስሙኝ።»

አነበበችላቸው። ድምፅዋ አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ከፈለገችው በላይ ተሰማ። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ስትደርስ አላሳጠረችውም። «የደንበኛዋ ሚስጥር ቁጥር በፖስታው ጀርባ ላይ በግልጽ የተጻፈው በእኔ በመስታወት ይግዛው እጅ ነው። ይህም ከባንኩ መመሪያ ውጭ መሆኑን እያወቅሁ ያደረግሁት ነው። ደንበኛዋ በዕድሜ የገፉና ዐይናቸው የደከመ በመሆኑ፣ ቁጥሩን ለይቶ ማስቀመጥ እንደሚገባ ማስረዳት ሲኖርብኝ አላስረዳኋቸውም።»

ሰዒዳ ብር መለየቷን አቁማ ቀና ብላለች። የእንየው የስልክ ድምፅም ተቋርጧል።

ወይዘሮ ብርቄ ዐይናቸውን ወረቀቱ ላይ እንደተከሉ ቆዩ፤ አንዲት ፊደል ባይታያቸውም።

«አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ይህን ሁሉ ቀን አብረሽኝ ስትመላለሺ ታውቂው ነበር?»

«ፖስታውን ካመጡልኝ ጊዜ ጀምሮ።»

መስታወት ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። ይቅር ይበልሽ ይሉኛል ብላም ጠበቀች፤ የትኛውን እንደምትፈልግ ራሷም አላወቀችውም። ሁለቱንም አላሉም።

«ከዚህ በፊት ያለውስ?» አሉ።

«የቱ?»

«ካርዱን አልፈልግም ብዬሽ ነበር። ሁለት ጊዜ። ‹ደብተሬ ይበቃኛል፣ እኔ ይህን ምን ላድርገው› አልኩሽ። አንቺ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

መስታወት ይህን አላስታወሰችም ነበር። ወይም ልታስታውሰው አልፈለገችም ነበር፤ አሁን ግን ቃል በቃል መጣላት። ጫጫታው፣ ከኋላ የሚገፋፋው ሰልፍ፣ የእኚህ ሴት ፊት፣ የራሷ የተሰላቸ ድምፅ።

«‹ግዴታ ነው› አልኩዎት» አለች።

«‹ካርድ ያልያዘ ገንዘብ አይወጣለትም› ነው ያልሽኝ። እኔም ፈራሁ። የልጄ ገንዘብ ነዋ።» ጣታቸውን አንሥተው ወረቀቱን ነካ አደረጉት። «እሱ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያው አልጫንበትም።»

የእንየው በር ተከፈተ። ደፍ ላይ ቆሞ ሁለቱን አያቸው፤ ሰዓቱንም አየ። «መስታወት፣ ደረሰ?» አለ። «ዲስትሪክቱ እየጠበቀ ነው።»

መስታወት ቀና ብላ አየችው። ተራ ቁጥር ሰባት ሥር ክፍት ቦታ አልቀረም፤ መስመሩ ሁሉ ሞልቷል። የምትጽፈው አሁን የእሷን እጅ ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የሰኔው ትእዛዝ፣ የአራት መቶው ካርድ፣ የቴሌግራሙ ሰንጠረዥ አብሮ የሚወጣ ነገር ነው። እሱም ያንን ከፊቷ አንብቦት መሆን አለበት፤ መቃኑን ይዞ ቆመ እንጂ ወደ እሷ አልመጣም።

«ገና ነው» አለችው። «አንድ ነገር ቀርቷል።»

ወረቀቱን ገለበጠች። ጀርባው ንጹሕ ነው።

«እማማ ብርቄ፣ ያሉኝን እንደገና ይንገሩኝ» አለች እስክርቢቶዋን አንሥታ። «ከመጀመሪያው። ቀስ ብለው።»